ዳንቴሉን ማን ነደፈው?

ኪሮሽ እስከ ዛሬ ማሽን ያልደፈረው ሥራ ነው። ከዚህ ሙያ እንጀራ የሚበሉት ዲዛይነሮች ግን በብዛት የሚሸጡት የተሠራ ልብስ አይደለም፤ የተጻፈ ወረቀት ነው።

ቦሌ ከሚገኙት ቡቲኮች በአንዱ፣ መስቀያ ላይ ክሬም ቀለም ያለው የኪሮሽ ሹራብ ተንጠልጥሏል። ገበያተኛዋ እጅጌውን ዳበስ ዳበስ አድርጋ ዋጋ ጠየቀች፤ ሲነገራት ፊቷ ቅጭም አለ። «ይሄ እኮ የማሽን ነው፤ የእጅ ቢሆን እንኳ አይቆጨኝም ነበር» አለች። ሻጯ ክርክር ውስጥ መግባት አልፈለገችም። «ለአንቺ ብዬ ትንሽ እቀንሳለሁ፣ የኔ ቆንጆ» ብላ ወሬውን ዘጋችው።

ልብሱ የማሽን አልነበረም፤ ሊሆንም አይችልም። ከየትኛውም አገር ይምጣ፣ በየትኛውም ዋጋ ይሸጥ፣ እውነተኛ የኪሮሽ ልብስ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቋጠሮ የሰው እጅ ነው የሠራው። ዋጋው ረክሶ ከተገኘም የረከሰው የሠሪዋ ድካም እንጂ የሥራው ዓይነት አይደለም።

ምክንያቱ ከአሠራሩ ይመነጫል። ሹራብ በሁለት መርፌ ሲሠራ የአንድ ረድፍ ቀለበቶች በሙሉ መርፌው ላይ ተሰልፈው ተራቸውን ይጠብቃሉ። እንግሊዛዊው ዊሊያም ሊ እ.ኤ.አ. በ1589 ካልሲ የሚሠራ ማሽን ለመፍጠር የበቃው ይህ ሰልፍ ስለተመቸው ነው፤ ለእያንዳንዱ ቀለበት አንድ መርፌ መድቦ ሁሉንም ባንድ ጊዜ አንቀሳቀሳቸው። ኪሮሽ ላይ ሰልፍ የለም። ክፍት ሆኖ የሚቆየው አንድ ቀለበት ብቻ ነው። ጫፏ የተቆለመመው መርፌ ቀድሞ ከተሠራው ጨርቅ ውስጥ ትክክለኛውን ቀዳዳ ፈልጋ ትገባለች፤ ክሩን ጠልፋ ትወጣለች፤ ቋጠሮውን ጨርሳ ወደሚቀጥለው ትሻገራለች። ጨርቁ ልስልስ ስለሆነ ቀዳዳው አንድ ቦታ አይረጋም። የሠሪዋ ግራ እጅ ጨርቁን እያዞረ፣ እየሳበ፣ እያላላ መርፌዋን ይቀበላታል። ይህን የሁለት እጆች መግባባት ወደ ብረት ማዛወር ነው አስቸጋሪው።

«የኪሮሽ ማሽን» ተብለው የሚሸጡ መሣሪያዎች የሉም ማለት አይደለም። እነሱ የሚያወጡት ግን ኪሮሽ መሳይ የሹራብ ዓይነት ነው፤ በአብዛኛው ጠርዝና ጥብጣብ። በጀርመን ቢለፌልድ ከተማ የሚገኙ ተመራማሪዎች «ክሮማት» ያሉትን የሙከራ ማሽን ሠርተዋል፤ ሥራው ግን ከምርምር ክፍል አልፎ ልብስ ፋብሪካዎችን አልለወጠም።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ከሆነ የኪሮሽ ዲዛይነር ሒሳብ ይጠናባታል። አንድ ሹራብ በአሥር የሚቆጠሩ ሰዓታት ይፈጃል። ለእያንዳንዱ ሰዓት ተገቢውን ክፍያ ካሰበች ልብሱን የሚገዛ አይገኝም፤ ገዢ በሚፈቅደው ዋጋ ከሸጠች ደግሞ የቤት ኪራይ አይወጣም። በዓለም ዙሪያ ያሉ ዲዛይነሮች ያገኙት መውጫ አንድ ነው። ልብሱን አንድ ጊዜ ይሠሩታል፤ ከዚያ አሠራሩን ጽፈው ለሺህ ሰው ይሸጡታል።

ወረቀቱ የጀመረው ታሪክ

ይህ አካሄድ ኢንተርኔት ያመጣው አይደለም። የኪሮሽ አሠራር በአውሮፓ መጽሔቶች መታተም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ ነው። ሙያውን ወደ ንግድ ካሸጋገሩት መካከል ደግሞ ስሟ ጎልቶ የሚነሳው ኤሊኖር ሪዬጎ ዴ ላ ብራንሻርዲዬር ናት። ለንደን ውስጥ ትሠራ የነበረችው ይህች ሴት ከ1840ዎቹ ጀምሮ ከ70 በላይ የእጅ ሥራ መጻሕፍት አሳትማለች፤ በ1851 በተካሄደው ታላቁ የለንደን ኤግዚቢሽንም ተሸልማለች።

በዚያው ዘመን ከባሕሩ ማዶ አየርላንድ በረሃብ ትቃጠል ነበር። በ1845 የድንች ሰብል በበሽታ ተመታ፤ በተከታዮቹ ዓመታት አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፤ ሌላው በመርከብ ተሰደደ። መነኮሳትና የቀሳውስት ሚስቶች ለሴቶች ኪሮሽ ማስተማር ጀመሩ። ለሥራው የሚያስፈልገው አንድ መርፌና ጥቂት ክር ብቻ ነበርና ለድሀ ቤት የሚመች ሙያ ሆነ። ክሎንስ በምትባል ከተማ የደብሩ አገልጋይ ሚስት ካሳንድራ ሃንድ በ1847 አስተማሪ አስመጥታ ሥራውን አስጀመረች። ብዙም ሳይቆይ የክሎንስ ዳንቴል የአውሮፓ ባለጸጎች የሚፈልጉት ዕቃ ሆነ።

የአየርላንድ አሠራር ሥራን የማከፋፈል ብልሃት ነበረው። አንዷ ጽጌረዳ ትሠራለች፣ ሌላዋ ቅጠል፣ ሌላዋ የወይን ዘለላ፤ በመጨረሻ አገጣጣሚዋ ሁሉንም በቀጭን መረብ ታያይዛለች። ቤተሰቦች የራሳቸው ቅርጽ ነበራቸው፤ እንግዳ ሲገባ ሥራቸውን ጭናቸው ሥር ይደብቁ እንደነበር ይነገራል። ቅርጹን የሸሸገ ቤተሰብ ገበያውን ጠብቋል። ስሙን ግን አላቆየም። ዛሬ ሙዚየም ውስጥ ከመስታወት ጀርባ የሚታዩት የአየርላንድ ዳንቴሎች አብዛኞቹ የሠሪ ስም የላቸውም። የሪዬጎ ስም እስከ እኛ የደረሰው ከእነሱ የተሻለ እጅ ስለነበራት ነው ማለት አይቻልም፤ እሷ አሳተመች፣ እነሱ አላሳተሙም።

ክር የሚሸጡ ኩባንያዎችም የወረቀቱን ጥቅም ቶሎ ገባቸው። ቴሬዝ ደ ዲልሞን እ.ኤ.አ. በ1886 ያሳተመችው ታላቁ የእጅ ሥራ ኢንሳይክሎፒዲያ ከዲኤምሲ የክር ኩባንያ ጋር በመሥራት የተዘጋጀ ነው። መጽሐፉ በብዙ ቋንቋዎች ተተርጉሞ ዓለምን ዞረ። አሠራሩን የተማረች ሴት ክር መግዛቷ አይቀርምና፣ ንድፉ ለክሩ ገበያ ጠራለት። እስከ ዛሬም የክር ኩባንያዎች ለዲዛይነር ክር በነፃ ይልካሉ፤ ዲዛይነሯም በመመሪያዋ ላይ የክሩን ስም ታሰፍራለች።

ከናሙና እስከ ገበያ

አሁን አንድን ሥራ ከመነሻው እንከተል። ዲዛይነሯ ለመጪው ክረምት ሹራብ አስባለች እንበል። ለመጽሔት ከሆነ የምትሠራው ክረምቱን በጋ ላይ ነው የምታስበው፤ መጽሔቱ ልብሱን ተቀብሎ፣ ፎቶ አንስቶ፣ አርሞ ለማተም ወራት ይፈልጋል። ሰው ሁሉ በሙቀት ሲቃጠል እሷ ጭኗ ላይ የሱፍ ክር ከምራ ትቀመጣለች።

የመጀመሪያው ሥራ ናሙና ነው፤ ከመሐረብ ያነሰ ቁራጭ። ይህ ቁራጭ ተሠርቶ፣ ታጥቦ፣ ተዘርግቶ ከደረቀ በኋላ በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ቋጠሮና ስንት ረድፍ እንዳለ ይቆጠራል። ጀማሪዎች ትዕግሥት የሚያጡበት፣ ባለሙያዎች ግን የማይዘሉት ደረጃ ይህ ነው። ሒሳቡ ሲታይ ምክንያቱ ይገባል። ንድፉ በ10 ሴንቲ ሜትር 20 ቋጠሮ ካለ፣ 200 ቋጠሮ ያለው የደረት ዙሪያ 100 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሠሪዋ እጇ ላላ ያለ ሆኖ በ10 ሴንቲ ሜትር 18 ቋጠሮ ብቻ ቢገባላት፣ ያው 200 ቋጠሮ ወደ 111 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። ሁለት ቋጠሮ ለዓይን ምንም አይደለም፤ ሹራቡ ግን ለሌላ ሰው ሆነ። መድኃኒቱ መርፌ መቀየር ነው፤ እጇ የላላ ቀጠን ያለ፣ እጇ የጠበቀ ወፈር ያለ መርፌ ትይዛለች።

ቀጥሎ ልኮችን ማስላት ይመጣል። ዲዛይነሯ ለራሷ የሚሆን አንድ ልክ ብትሠራ ሥራው ቀላል ነበር። ገዢዎቿ ግን ከቀጭኗ እስከ ወፍራሟ ናቸው፤ ስምንትና ዘጠኝ ልክ ያለው መመሪያ ዛሬ የተለመደ ነው። እዚህ ላይ ጌጡ ራሱ ጠላት ይሆናል። የአበባው ቅርጽ በየ8 ቋጠሮው የሚደጋገም ከሆነ፣ የልብሱ ስፋት የሚጨምረው በ8 ብዜት ብቻ ነው፤ ከላይ በጠቀስነው ጥብቀት 8 ቋጠሮ ማለት 4 ሴንቲ ሜትር ነው። በሁለት ልኮች መካከል 5 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ካስፈለገ ቅርጹ አይታዘዝም። ስለዚህ በጎንና በጎኑ ቅርጽ የሌለው ሜዳ ትተዋለች፣ ወይም አበባውን ታሻሽላለች፣ ወይም ልኩን ታሸጋሽጋለች። ብዙዎቹ ይህን የሚሠሩት በኤክሴል ሠንጠረዥ ነው። ከውጭ የሚያያት ሰው ቀኑን ሙሉ መርፌና ክር ይዛ የምትውል ይመስለዋል፤ ከሥራ ሰዓቷ ሰፊው ክፍል የሚያልቀው ግን ኮምፒውተር ፊት ነው።

ከዚያ መጻፍ ነው። የኪሮሽ መመሪያ በአሕጽሮት የተሞላ፣ ለማያውቀው ሰው ምሥጢራዊ ጽሑፍ ነው። በእንግሊዝኛ የሚጽፉት ዲዛይነሮች ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባቸው፤ አሜሪካኖችና እንግሊዞች ለተለያየ ቋጠሮ አንድ ስም ስለሚጠቀሙ የማን አጠራር እንደሆነ ገጹ አናት ላይ ካልተጻፈ ሥራው ከመጀመሪያው ረድፍ ይበላሻል። ጃፓኖች ይህን በሥዕል አልፈውታል። እያንዳንዱ ቋጠሮ የራሱ ምልክት አለው፤ ምልክቶቹ በአገሪቱ የኢንዱስትሪ ደረጃ ሰነድ ውስጥ የገቡ ናቸው። ጃፓንኛ አንዲት ፊደል የማታውቅ ሴት የጃፓን የኪሮሽ መጽሐፍ ገዝታ ሻሉን ልትጨርሰው የምትችለው ለዚህ ነው።

ጽሑፉ ካለቀ በኋላ ወደ ቴክኒክ አርታኢ ይሄዳል። ይህች ባለሙያ ስለ ውበቱ አስተያየት አትሰጥም፤ ቁጥር ትቆጥራለች። «ረድፍ 14 ላይ 96 ቋጠሮ አለ ትያለሽ፤ ከረድፍ 13 ተነስቼ ስደምር 94 ነው የማገኘው» የሚል ማስታወሻ ትልካለች። ከዚያ ሞካሪዎች ይገባሉ። እነዚህ ብዙውን ጊዜ በማኅበራዊ ሚዲያ የተሰባሰቡ፣ መመሪያውን በነፃ አግኝተው በራሳቸው ክር የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ለአንድ ሹራብ አንድ ወር ወይም ከዚያ በላይ ይሰጣቸዋል። ዲዛይነሯ ያላሰበችውን ሁሉ የሚያገኙት እነሱ ናቸው፤ ክንዷ ወፈር ያለችዋ እጅጌው እንደጠበበባት ትናገራለች፣ ጀማሪዋ ያልገባትን ዓረፍተ ነገር ትጠቁማለች፣ ሌላዋ የተጻፈው ክር እንዳልበቃት ታሳውቃለች። ለሞካሪዎች መክፈል ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር በሙያው ውስጥ እስከ ዛሬ አልበረደም።

ይህ ሁሉ አልፎ የሚወጣው መመሪያ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ዶላር ይሸጣል። ገበያው የሚገኘው በኢንተርኔት ነው፤ በተለይ ጄሲካና ካሲዲ ፎርብስ የተባሉ አሜሪካውያን ጥንዶች እ.ኤ.አ. በ2007 የከፈቱት ራቨልሪ ሚሊዮኖች የሚጠቀሙበት የንድፍ መደብርና መዝገብ ሆኗል። ጥቂት ዲዛይነሮች በዚህ ብቻ ይኖራሉ። አብዛኞቹ ማስተማርን፣ ለክር ኩባንያ መሥራትን፣ መጽሐፍ ማዘጋጀትን ይጨምሩበታል። ሽያጩ ከተጀመረ በኋላም ሥራው አያልቅም፤ ከሦስት ዓመት በፊት የወጣ ኮፍያ ስድስተኛው ዙር ላይ የተቸገረች ሴት ዛሬ ማታ ትጽፋለች፣ መልስም ትጠብቃለች።

ስድስት፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ስምንት

በሥራው ውስጥ ያለው ሒሳብ ከየት እንደሚመጣ ለማየት ክብ ዳንቴል መጀመር ይበቃል። አጭር በሚባለው የቋጠሮ ዓይነት ከተሠራ የመጀመሪያው ዙር 6 ቋጠሮ ይይዛል፤ ሁለተኛው 12፣ ሦስተኛው 18፣ አራተኛው 24። በየዙሩ 6 እየተጨመረ ሲሄድ ጨርቁ ጠረጴዛ ላይ ለጥ ብሎ ይተኛል። ጭማሪው ካነሰ ጠርዙ ወደ ውስጥ ይሰበሰብና ቆብ ይወጣዋል። ከበዛ ደግሞ ጠርዙ መተኛት አቅቶት ይጨማደዳል። ዳንቴል ሠሪዎች ይህን ያለ ቁጥር በእጃቸው ያውቁታል፤ «ተኮማተረብኝ» ወይም «ተጨማደደብኝ» ብለው ይተረትሩና ያስተካክላሉ።

ትውልደ ላትቪያዋ የሒሳብ ምሁር ዳይና ታይሚኛ የተጨማደደውን አልተረተረችውም። እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሳለች የሒሳብ ሊቃውንት ሃይፐርቦሊክ የሚሉትን ጠለል በእጅ የሚጨበጥ ማድረግ ፈለገች። ይህ ጠለል በሁሉም ነጥቡ ወደ ተቃራኒ አቅጣጫዎች የሚታጠፍ፣ ከመሐሉ በራቁ ቁጥር እየሰፋ የሚሄድ ገጽ ነው። በወረቀት የሚሠራው ሞዴል ቶሎ ይቀደዳል። ታይሚኛ መጀመሪያ በሹራብ መርፌ ሞከረች፤ ቀለበቱ በዝቶ መርፌው ላይ አልያዝ አለ። ኪሮሽ ግን አንድ ቀለበት ብቻ ስለሚይዝ የጠርዙ ብዛት አላስቸገረውም። የሥራው ደንብ አንድ ነበር፤ ከተወሰነ ቋጠሮ በኋላ ሁልጊዜ አንድ መጨመር። ተማሪዎቿ ቀድሞ በቀመር ብቻ ይታያቸው የነበረውን ገጽ በጣታቸው አጠፉት፣ መስመር ሰፉበት። ስለዚሁ የጻፈችው መጽሐፍ በ2009 ታትሞ፣ በ2012 የአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር የሚሰጠውን የኦይለር የመጽሐፍ ሽልማት አግኝቷል።

የታይሚኛ የተጨማደደ ሥራ ኮራል የተባለውን የባሕር ፍጡር ይመስላል። ሎስ አንጀለስ የሚኖሩት ትውልደ አውስትራሊያ እኅትማማቾች ማርጋሬትና ክሪስቲን ወርትሃይም ይህን ተመልክተው እ.ኤ.አ. በ2005 በባሕር ሙቀት እየነጣ የሚሞተውን የኮራል ሪፍ በኪሮሽ መሥራት ጀመሩ። ደንቡን እንደ መነሻ ሰጥተው ሠሪዎቹ እንደፈቀዱ እንዲጥሱት ለቀቋቸው፤ አንዷ ጭማሪውን አበዛች፣ አንዷ ከፕላስቲክ ከረጢት ክር ቆረጠች። ሥራው በ2019 ቬኒስ ቢየናሌ ደረሰ። በየአገሩ በተሠሩት ተከታይ ሪፎችም በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተሳትፈዋል። እኅትማማቾቹ አንድ ነገር አጥብቀው ይዘዋል፤ ተሳታፊዎቹ በስማቸው እንዲመዘገቡ። ክሎንስ ላይ ጠፍቶ የነበረው ነገር እዚህ ተመለሰ።

ያው የጭማሪ ሕግ ኮምፒውተሮችንም አዋርዷል። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ጃኔል ሼን ሰው ሠራሽ አስተውሎት የኪሮሽ ኮፍያ መመሪያ እንዲጽፍ አድርጋ፣ ፈቃደኛ ሠሪዎች የወጣውን ሁሉ እንዲሠሩት ጠይቃ ነበር። ፕሮግራሙ የመመሪያን ቋንቋ አሳምሮ ያውቅ ነበር፤ መቁጠር ግን አይችልም። ኮፍያዎቹ በመሐል እየበዙ፣ እየተጨማደዱ፣ የሠሪዎቹን ክር ጠራርገው በሉ። ለምን እንደሚሆን ማስላት ቀላል ነው። ከ6 ተነስቶ በየዙሩ በ6 የሚጨምር ክብ አሥረኛው ዙር ላይ 60 ቋጠሮ አለው። በየዙሩ እጥፍ ከሆነ ግን አሥረኛው ዙር 3,072 ቋጠሮ ይደርሳል።

ዛሬ ችግሩ መልኩን ቀይሮ የዲዛይነሮች የየዕለት ራስ ምታት ሆኗል። በኮምፒውተር የተፈበረኩ ማማለያ ፎቶዎች፣ ማንም ሊሠራው የማይችል መመሪያ ተለጥፎባቸው ይሸጣሉ። ገዢዋ ከከፈለች በኋላ ነው ዙሩ እንደማይደመር የሚገባት። በዚህ የተነሳ የሞካሪዎች ፎቶ ዋጋው ጨምሯል። ልዩ ልዩ ሰውነት ያላቸው፣ መብራቱ ባልተስተካከለ ሳሎን ውስጥ የቆሙ እውነተኛ ሰዎች ልብሱን ለብሰውት ሲታዩ፣ ወረቀቱ እንደሚሠራ ማስረጃ ይሆናሉ።

ከልብስና ከኮፍያ የራቀም መንገድ አለ። ጃፓናዊቷ ቶሺኮ ሆሪዩቺ ማክአዳም ትልልቅ የክር ሥራዎችን በማዕከለ ሥዕል ታሳይ ነበር፤ አንድ ቀን ሁለት ሕፃናት መረቡ ላይ ወጥተው ሲንጠለጠሉ አየች። ከዚያ በኋላ ሕይወቷን ለልጆች መጫወቻ የሚሆን የኪሮሽ መረብ በመሥራት አሳለፈች። እ.ኤ.አ. በ2009 በጃፓን ሃኮኔ በሚገኘው ክፍት አየር ሙዚየም የተተከለው ሥራዋ፣ ከእንጨት በታነፀ ግዙፍ ቤት ውስጥ ልጆች የሚዘሉበትና የሚሳቡበት ባለ ብዙ ቀለም መረብ ነው። በእጅ የተቋጠረው ክር እዚያ የልጆች ክብደት ይሸከማል።

የኛው ሙያ በልብ

ወደ አገራችን ስንመለስ ዳንቴል እንግዳ አይደለም። ቴሌቪዥን የለበሰው፣ የሶፋ መደገፊያ የለበሰው፣ የቡና ረከቦት የተቀመጠበት ጠረጴዛ የለበሰው ዳንቴል ነው። ከሰዓት በኋላ በር ላይ ቁጭ ብለው፣ ጨዋታውን ሳያቋርጡ፣ መርፌውንም ሳያዩ ዙር የሚጨርሱ እናቶችን ያላየ ከተሜ ጥቂት ነው። ልጃገረዶች ከታላቅ እኅት፣ ከጎረቤት፣ ከትምህርት ቤት የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ተምረውታል። የትዳር ዕቃ ሲሰናዳ በስታርች ወይም በስኳር ውኃ ተወጥሮ የደረቀ ዳንቴል ከአንሶላው ጋር ይታጠፋል።

የትምህርቱ ዘዴ ግን ዓይን ነበር። ጎረቤት ቤት ጥሩ ዳንቴል የታየ እንደሆነ «እስኪ ለአንድ ቀን ልዋሰው» ይባላል፤ ተገልብጦ ይታያል፤ ዙሩ ይቆጠራል፤ በሦስተኛው ቀን መንትያው ይወጣል። ብዙ ጊዜም መንትያ ሆኖ አይቀርም። አንዷ ጠርዙ ላይ ሦስት ቅጠል ትጨምራለች፣ ሌላዋ ኮከቡን ወደ አበባ ትለውጠዋለች። ይህን ያደረገች ሴት በየትኛውም አገር ሚዛን ዲዛይነር ናት። «ሙያ በልብ ነው» ብሎ ያሳደጋት ማኅበረሰብ ግን ማዕረጉን አልሰጣትም፤ እሷም አልጠየቀችም። ስለዚህ ከሦስት ትውልድ ዳንቴል በኋላ፣ ይህ የጠርዝ አሠራር የእገሊት ነው የምንለው የለንም።

አሁን ትውልዱ ተቀይሯል። ወጣቶች በዩቲዩብና በቲክቶክ በአማርኛ ኪሮሽ ያስተምራሉ፤ የሕፃን ኮፍያ፣ ቦርሳ፣ የበጋ ልብስ ሠርተው በቴሌግራም ይሸጣሉ። ቪዲዮው ዓይንን ተክቶ ጥሩ አገልግሏል። ሆኖም ከቪዲዮ የምትማረው ሴት እያቆመች፣ እየመለሰች፣ የአስተማሪዋን አንድ ልክ ብቻ ትሠራለች። የልጇ ጭንቅላት ከዚያ ከበለጠ ወይም ካነሰ የምትይዘው ሠንጠረዥ የላትም። በአማርኛ የተጻፈ፣ ልኩ የተሰላ፣ የተሞከረ መመሪያ ገና ብርቅ ነው። ሌላው እንቅፋት ገንዘብ ነው፤ ከአዲስ አበባ ሆኖ ለውጭ ገዢ ፋይል ሸጦ ክፍያውን መቀበል የራሱ መንገድ ይጠይቃል። ውጭ አገር ያሉ ወገኖች ሊያግዙ የሚችሉትም እዚህ ላይ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? በብዙ አገሮች ቋጠሮና የአሠራር ዘዴ የማንም ንብረት አይደለም፤ ጥበቃ የሚያገኘው የተጻፈው መመሪያ፣ ሥዕሉና ፎቶው ነው። የኢትዮጵያ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም መንፈሱ ይኸው ነው፤ ሐሳብንና የአሠራር ሥርዓትን ሳይሆን ሐሳቡ የተገለጸበትን ሥራ ይጠብቃል። የዕቃን መልክ በሚመለከት ደግሞ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ለኢንዱስትሪያዊ ንድፍ ምዝገባ በር ከፍቷል። ስለዚህ አንዲት ዳንቴል ሠሪ «ይህን ኮከብ እኔ ፈጠርኩት፤ ማንም አይሥራው» ብላ ብትቆም ሕጉ እምብዛም አያግዛትም። ጽፋው፣ ሥላው፣ ፎቶ አንስታው ከሆነ ግን ጽሑፏን የገለበጠባትን ሰው የምትጠይቅበት ሰነድ በእጇ አለ።

መጀመሪያው ከባድ አይደለም። ሳሎናችሁ ውስጥ ያለውን ዳንቴል አንሡ። ከመሐሉ ተነሥታችሁ ዙሩን ቁጠሩ፤ በየዙሩ ስንት ቋጠሮ እንዳለ ደብተር ላይ ጻፉ፤ የክሩን ውፍረትና የመርፌውን ቁጥር ጨምሩ፤ ዳንቴሉን ለጥ አድርጋችሁ በቀን ብርሃን ፎቶ አንሡት። ከዚያ የጻፋችሁትን ሥራውን አይታው ለማታውቅ ሴት ስጧት። ከወረቀቱ ብቻ ተነሥታ ከጨረሰችው መመሪያ ጽፋችኋል፤ ካልጨረሰችው የቆመችበትን ዙር ጠይቃችሁ አርሙ። ገጹ አናት ላይ ሁለት ባዶ መስመር ይኑር፤ አንዱ ለነዳፊዋ ስም፣ ሌላው ለሰፈሯ። ሠሪዋ በሕይወት ካለች፣ ዛሬውኑ ደውላችሁ ጠይቋት።